ከሶኬት ቢነቀልም አልሞተም

እኩዮቼ፣ ነገሬ ካርቱም ላላችሁ ነው፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ከዴምና ከጀሪፍ ሰፈሮች ሸሽታችሁ ለተመለሳችሁም፣ ከቤታችሁ ላልወጣችሁም። ዘራፊ ንቆ የተወው፣ ያ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን የተረፈላችሁ አላችሁ። መብራት ሲመጣ እንቢ ይላል። ቴክኒሻን የለም፣ ጊዜ ግን ሞልቷል፤ ካቻቢቴ ይነሳል። ጀርባውን አትፍቱ!

ገመዱን ነቅያለሁ ትሉኛላችሁ። ምስሉን የሚሠራው ኃይል ከ20 እስከ 30 ሺህ ቮልት ይደርሳል፤ የግድግዳችን 230 ነው፣ እሱንም እንፈራለን። ትልቁ መስታወት በውስጥና በውጭ ቅቡ የተነሳ እንደ ካፓሲተር ያንን ኃይል ይዞ ይቆያል፤ አንዳንዴ ለቀናት። መስታወቱ ላይ ባለው ጎማ ቆብ ሥር ጣቱን የሰደደ ሰው ተመትቶ ይወረወራል፤ ሲወረወርም እጁ ያገኘውን ይሰብራል። መስታወቱ ውስጥ አየር የለም፣ ሲሰበር ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪውን ይረጫል። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ቦርዱ ላይ የቆመውን፣ ከ300 ቮልት በላይ የሚይዘውን ካፓሲተር ነው። ድምፅ የለውም፤ በሁለት እጅ ከተነካ መንገዱ በደረት ነው። ከመካከላችን የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የማይውጥ ስንት አለ?

«በካቻቢቴ አጋጭቼ ባዶ አደርገዋለሁ» የሚል አይጠፋም። የት እንደሚጋጭ የሚያውቅ የእኔን ምክር አይፈልግም፤ የማያውቅ ደግሞ ይቅርበት።

ሳትፈቱ የምትሞክሩት አለ። ቀይ መብራቷ በርታ ምስል ከሌለ ሪሲቨሩንና ቢጫውን ገመድ ቀይሩ። ቀለሙ ጥጉ ላይ ከተዛባ አጠገቡ ያለውን ስፒከር አርቁ። መሀል ላይ አንድ ነጭ አግድም መስመር ብቻ ከቀረ ግን ወዲያው አጥፉት፤ ያች መስመር እዚያው ከቆየች የስክሪኑን ቅብ ታቃጥላለች። ሃቡብ፣ የአቧራው ማዕበል፣ ያስገባው አቧራ ከፍተኛውን ቮልት መንገድ ሊያስታት ይችላል። ጠጠጠ የሚል ድምፅ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ነቅላችሁ ራቁ፣ እንደገናም አትሰኩት። በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሽቦ አስሮ የሚሰጣችሁን ጎረቤትም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ መልሱት፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

የማይድን ከሆነ ሳይሰበር፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። መዳቡን ፈልጎ መስታወቱ አንገት ላይ የተጠቀለለውን ሊነቅል የሚመጣ ይኖራል፤ ግቢያችሁ ውስጥ እንዲሰብረው አትፍቀዱለት፣ መስታወቱ እርሳስ አለበት።