አፈር የነካው ጨው

ልጆቻችሁ ስለ ድብልቅ መለያ ዘዴዎች ሲጠይቋችሁ ከማጀት ጀምሩ። ሰቆጣ ከአፋር ቆላ በቅፍለት ይመጣ የነበረው የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ደግሞ አፈር አያጣውም።

ጨዉን በውሃ አሟሙት፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 36 ግራም ያህል ይሸከማል። አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ነጠላው አፈሩን ያስቀራል፤ የሟሟው ጨው ግን ከውሃው ጋር ያልፋል። ተማሪዎች ፈተና ላይ የሚስቱት ይህችን ነው! ከዚያ ውሃው ሲተን ነጭ ጨው ይቀራል። በአፍዴራ ሐይቅም ውሃው ወደ ገንዳ ተለቆ ፀሐይ ታተነዋለች።

ነጭ ሆነ ማለት ግን በቃ ማለት አይደለም። አሞሌ በቂ አዮዲን የለውም። ደጋውን አፈር ደግሞ ዝናብ ለዘመናት አዮዲኑን እያሟሟ አጥቦታል፤ እህሉም በዚያው ልክ ይጎድለዋል። ጉድለቱ እንቅርት ያመጣል፤ እናት ነፍሰ ጡር ከሆነች የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ የተደነገገው ለዚህ ነው።

አዮዲን ያለበትን ጨው እንግዲህ አጥባችሁ አታፍሉት፤ አዮዲኑ ይቀንሳል። በክዳን ዕቃ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቃችሁ አኑሩት፤ ወጥ ውስጥም ሊወጣ ሲል ጨምሩት።