የሺህ ዋቱ ውሸት እና የሦስት ዋቱ እውነት

እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። መንገድ ዳር ከሚደረደሩት ትንንሽ ስፒከሮች አንዱን አንስታችሁ የካርቶኑን ጽሑፍ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ዳቦ የማታክል ዕቃ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ሻጩም «ሞንታርቦ ታስንቃለች» ይለናል። እኛም እናምናለን፤ እንገዛለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ቻርጅ አልይዝ ትላለች፣ ድምፅዋ ይሻክራል፣ መጨረሻዋ አልጋ ሥር ይሆናል። ቀጥሎስ? ቀጥሎማ «1500 ዋት» የሚል ሌላ ካርቶን አለ!

ነገሩን በተራ ማባዛትና ማካፈል እንፈትሸው። የዚህች ዓይነቷ ዕቃ ባትሪ ብዙ ጊዜ አንዲት ባለ 3.7 ቮልት ሊቲየም ናት። 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ትይዛለች እንበል። ሁለቱ ሲባዙ 7.4 ዋት-ሰዓት ይሆናል። እውነት 1000 ዋት የምታወጣ ቢሆን ኖሮ ባትሪዋ በ27 ሰከንድ ሙልጭ ይል ነበር፤ ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት! እሷ ግን ስድስት ሰዓት ትዘፍናለች። 7.4ን ለ6 ስናካፍል ከ1 ዋት ጥቂት የሚበልጥ እናገኛለን። የቀረው 998 ዋት የት ሄደ? የትም። መጀመሪያም አልነበረም።

ይህን ሒሳብ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ለፈተና ሸምድደነዋል፣ ከፈተናው ማግስት ረስተነዋል። ቀመሩ ከሽቦ ጋር ተገናኝቶ ስላላየነው ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ያታልለናል። የኛ አቋም ታዲያ ይህ ነው፦ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ትንሽ ስፒከር በገዛ እጃችን ብንሠራ ከአንድ ሴሚስተር የፊዚክስ ትምህርት ይበልጥብናል።

የሚያስፈልገው ደግሞ ጥቂት ነው። ከሞተ ቴሌቪዥን ወይም ከአሮጌ ራዲዮ የተፈታ ባለ 4 ኦም ስፒከር ሁለት። ፓም 8403 የሚባለው የአምፕሊፋየር ቦርድ አንድ፤ ከክብሪት ሳጥን ያነሰች ነገር ናት። 18650 የምትባለው ባትሪ (ስሟ ልኳ ነው፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት)። ባትሪዋ 4.2 ቮልት ስትደርስ ቻርጅ የሚያቆም ቲፒ 4056 የተባለ ቦርድ። ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሽቦ፣ መበየጃ። ብሉቱዝ ካማራችሁ ለሱም ቦርድ አለው፤ ካላማራችሁ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ይበቃል።

ስንት ዋት ታወጣለች? አሁን ቀመሩ ሥጋ ይለብሳል። ይህቺ ቦርድ በ5 ቮልት ስትሠራ፦ 5 በ5 ሲባዛ 25፤ 25 ለ8 (የ4 ኦም እጥፍ) ሲካፈል 3.1። ፋብሪካውም ለአንድ ስፒከር 3 ዋት ነው የሚለው። ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ቦርድ ሳትጨምሩ ቀጥታ ከ3.7 ቮልቷ ባትሪ ብታገናኟት ደግሞ ወደ 1.7 ዋት ትወርዳለች። ከዚህ የሚያልፍ ተአምር የለም።

«3 ዋት ምን ሊረባ?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ላለው ታሪክ መልስ አለው። ራይስ እና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ስፒከር በ1925 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ በማግስቱ ዓመት ለገበያ የቀረበው ራዲዮላ 104 በሆዱ የያዘው አምፕሊፋየር የ1 ዋት ያህል ነበር። ሳሎን ውስጥ ለሚሰማ ሰው በቂ ነበር። ጆሯችን ዋት አይቆጥርም፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት።

ለውጡ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። ይህን የነገሩን ማይክ ፊት እንዴት እንደምንቆም ያስተማሩን መምህራኖቻችን ሳይሆኑ፣ ሰፈራችን ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ራዲዮ የሚጠግኑ ጋሼ ናቸው። እርቃኑን የቀረ ስፒከር አስያዙን፤ ድምፁ እንደ ትንኝ ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ካርቶን ላይ በልኩ ቀዳዳ በስተው ስፒከሩን ከአፉ ገጠሙት። ያው ስፒከር፣ ያው ባትሪ፣ ግን ቤዙ ከየት መጣ ሳይባል መጣ! ምክንያቱ ቀላል ነው። ስፒከሩ ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከኋላው ይስባል፤ ሁለቱ በጎን ዞረው ሲገናኙ ወፍራሙን ድምፅ ያጠፉታል። ሳጥን ይለያያቸዋል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከዋት ይልቅ ወፈር ባለ ኮምፔንሳቶ እና በኮላ ላይ አውሉት፤ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ።

ለጥንቃቄ ጥቂት እንበል፤ ሊቲየም ቀልድ አያውቅም። ያበጠ ወይም የተጨረመተ ባትሪ አትንኩ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ በቴስተር ተለክቶ ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ ይቅርባችሁ። ባትሪው ገላ ላይ አትበይዱ፤ ማስቀመጫ ቤት ግዙለት። ቲፒ 4056ም መከላከያ ያለው ይሁን። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ቀጥላችሁ 7.4 ቮልት ብትሰጧት ፓም 8403 ትቃጠላለች፤ አቅሟ 5.5 ነው። የሁለቱን ስፒከሮች ኔጋቲቭ አንድ ላይ አትሰሩ።

አሁን ወደ ዋናው ሕመማችን። እኚህ ጋሼ ይህን ሁሉ እያወቁ ሰፈራችን ውስጥ የሚጠሩት «ጠጋኙ» ተብለው ነው፤ ያውም አፍ እየተጣመመ። እጅ የሚሠራውን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ንቀቱ ግን ልብስ ቀየረ። ለረጅም ዓመታት ከ10ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ነጥብ የመጣለት መሰናዶ፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይባል አልነበር? መበየጃ መያዝ የመውደቅ ምልክት ሆኖ ነው ያደግነው። ለሴት ልጅ ሲሆንማ ጨርሶ የማይታሰብ! እኛ መበየጃ ይዘን ያየን ሁሉ «ወንድምሽ የለም?» ነው የሚለው። አለ፤ እሱም አይችልም።

የንቀቱን ዋጋ የምንከፍለው ግን እኛው ነን። የማያውቅ ገዥ ሻጭ ያለውን ይቀበላል። የማይፈታ ዕቃ ገዝቶ፣ ሲሞትበት ጥሎ፣ ሌላ ይገዛል። ምን አለሽ ተራ አሮጌውን እየፈታና እየቀጠለ ስንቱን ሲያኖር፣ እኛ ዲግሪያችንን ይዘን የ27 ሰከንዱን ሒሳብ መሥራት አቅቶን እንታለላለን።

አንዋሽም፤ የመጀመሪያዋ ስፒከር ከተገዛችው ላትረክስ ትችላለች። መልኳም አያምርም፤ የኛዋ የጫማ ሳጥን ነው የምትመስለው። ግን ባትሪዋ ሲደክም ባትሪዋን ብቻ እንለውጣለን። ሲጢጥ ስትል የት እንደምንነካት እናውቃለን። ስንት ዋት እንደሆነችም ማንም አይነግረንም፤ ራሳችን እናሰላዋለን።

እናም በሚመጣው ቅዳሜ አልጋ ሥር የተጣለችውን አውጧትና ወደ ሰፈራችሁ ጠጋኝ ሂዱ። «ይሥሩልኝ» ብቻ አትበሏቸው፤ «ያሳዩኝ» በሏቸው፤ ለትምህርቱም ክፈሏቸው። መምህር ናቸውና።

ቸር ያሰማን!