ላብና ዝናብ

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ ዝናቡ አይደለም፤ ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን በሥርዐቱ ገብቷልና መዝነብ ግብሩ ነው። ያናደደኝስ ጎረቤቴ ነው። ልጁ ከዋሽንግተን የላከለትን፣ በዋጋው ከብስክሌቱ እምብዛም የማያንሰውን የዝናብ ካፖርት እስከ አገጩ ቈልፎ፣ ከለገሀር ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ እያለከለከ ከወጣ በኋላ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ቢያገኘው ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ፈረንጅም ማጭበርበር ጀመረ፤ ይኸው ውሃ ያስገባል» ብሎ ካፖርቱን ገልብጦ እንደ ምስክር አቆመብኝ። ካፖርቱ ግን ከክሱ ንጹሕ ነው። ያ ውሃ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከራሱ ከጎረቤቴ ገላ የፈለቀ ነበር።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከላስቲክ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ያውቁታል፤ ስለዚህ በአጭሩ ልለፈው። ቻርልስ ማኪንቶሽ የተባለው የግላስጎው ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1823 ጎማን በሁለት ጨርቅ መካከል አጣብቆ ዝናብ የማይበሳው ልብስ ካወጣ ወዲህ፣ የዓለም ሕዝብ የዝናብን ልብስ የሚመዝነው ውሃ ያስገባል ወይስ አያስገባም በሚል በአንድ ሚዛን ብቻ ሆኗል። በር ለሚጠብቅ ዘበኛና አውቶቡስ ለሚጠብቅ መንገደኛ ሚዛኑ ትክክል ነው። ፔዳል እየረገጠ አቀበት ለሚወጣ ሰው ግን፣ ላስቲክ ማለት በሚፈላ ድስት ላይ የተደፋ ክዳን ነው፤ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክዳኑን ይነካል፣ ጤዛ ሆኖም ተመልሶ ይንጠባጠባል። በዚያው አቆጣጠር በ1969 የተገኘው ጎርቴክስ የተባለው ጥበብ እንኳ፣ ቀዳዳዎቹ ጠብታን ከልክለው እንፋሎትን ብቻ እንዲያሳልፉ ሆነው ቢሠሩም፣ ሥራውን የሚሠራው የውስጡ አየር ከውጭው ይልቅ ሲሞቅና ሲረጥብ ነው። የነሐሴ አየር ራሱ እርጥበት ጠግቦ በሚውልበት ሰዓት፣ በዚያም ላይ የካፖርቱ ገጽ በዱቄት ሳሙና ብዛት ዝናብ ማንከባለሉን ትቶ ውሃ ጠጥቶ በከበደ ጊዜ፣ እንፋሎቱ ወዴት ይሂድ?

ይህን ምሥጢር የጎጃም ገበሬ የሚያውቀው ያለ መምህር ነው። በጤፍ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም የሚለብሰው፣ ከሣር የተጎነጎነው ገሳ፣ ራሱንና ጀርባውን ከዶፉ ይከልልለታል፤ ፊት ለፊቱ ግን ክፍት ነውና ደረቱ ይተነፍሳል። ብስክሌተኛም በመሪው ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ስለሆነ፣ ዝናቡ የሚያገኘው እንደ አራሚው ከጀርባው ላይ ነው። የውጭ አገር ብስክሌተኞች ከትከሻቸው አልፎ እስከ መሪው ድረስ ዘርግተው የሚለብሱትን፣ ከሥሩ ነፋስ የሚመላለስበትን ካባ መሰል ልብስ ባየሁ ጊዜ፣ ገሳችን ናይለን ለብሶ በባሕር ማዶ የሚኖር መሰለኝ። በኃይለኛ ነፋስ እንደ ሸራ መወጠሩ አይካድም፤ ቢሆንም ከጎረቤቴ እሥር ቤት ይሻላል።

ከውስጥስ ምን ይለበስ? ጥጥ አይሁን። ጋቢ ለምድጃ ዳር፣ ከነቴራም ለበጋ የተሠራ ነው፤ ጥጥ ውሃውን ጠጥቶ ገላ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ጂንስ ሱሪማ ጭኑን እየፋቀ እንደ እርሳስ ይከብዳል። የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ሙቀት አይነፍግም፤ የመንዝ ባላገር ባናውን ከጠጉር የሚያሠራው ለጌጥ አይደለም። ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ስስ የሱፍ ሹራብ ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በእግርም ላይ፣ ከላስቲክ ጋር የተጣላሁ ብሆንም፣ ኮንጎ ጫማን እምራለሁ፤ ውሃ አይጠጣምና።

እዚህ ላይ አገሩንም መለየት ይገባል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ አየሯም ከእኛው ይሞቃል፤ የጣና ዳር ብስክሌተኛ በስብሶ ቢገባም ብዙ አይጎዳም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ በአቀበትና በቁልቁለት የተሰፋች ከተማ ስለሆነች፣ ወደ ፒያሳ ሲወጡ በላብ የራሰ ሸሚዝ፣ ወደ ለገሀር ሲወርዱ በነፋሱ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ካፖርት በአቀበቱ ግርጌ ወልቆ ከኋላ መታሰር፣ በአቀበቱም ራስ ላይ መለበስ አለበት፤ ጎረቤቴ የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ሊቃውንቱ ዘመነ ክረምትን እንኳ በአንድ ስም ሳይተዉ ዘርእና ደመና፣ መብረቅና ነጐድጓድ እያሉ ከፍለውታል፤ እኛ ግን ለካፊያውም ለዶፉም አንዱን ካፖርት ቈልፈን እንወጣለን።

«ታክሲ አትገባም ወይ?» ለሚሉኝ መልስ የለኝም፤ ታክሲ ሲጠብቁም ይበሰብሳልና።

ይልቅስ የሚያስጨንቀኝ መድረሱ ነው። በየጎዳናው የብስክሌት መሥመር እየተሠመረ ነው፣ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ብስክሌተኛ በዶፍ መካከል አልፎ ከመሥሪያ ቤቱ በደረሰ ጊዜ፣ ለአለቃው መኪና የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶ ሳለ፣ ለእርሱ ካፖርት ማንጠልጠያ የለውም። ወንበሩ ላይ ቢያደርገው መዝገቡ ይረጥባል፤ ከበሩ እጀታ ላይ ቢሰቅለው ወለሉ ተበላሸ ተብሎ ይገሠጻል፤ አጣጥፎ ከጠረጴዛ ሥር ቢወትፈው ማታ ሻግቶ ይጠብቀዋል። የሚያስፈልገው ከበሩ በስተኋላ አንድ ወፍራም ሚስማር፣ ከሥሩም አንድ አሮጌ ባልዲ ነው። በጀት አልተያዘም የሚል ኃላፊ ካለ ሚስማሩን እኔ አመጣለሁ፤ መዶሻውን ግን ንብረት ክፍል ያውጣ።