ከማስጠንቀቂያው ጎን የብድሩ በር ይከፈት

በኅዳርና በታኅሣሥ የፎገራ ሜዳ መልኩን ይለውጣል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ያጥለቀለቁት ማሳ ይደርቃል፤ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ወረታ ይጓዛል፤ የከተማዋ የሩዝ መፈልፈያዎችም ሥራ ይበዛባቸዋል። ወቅቱ አርሶ አደሩ የልፋቱን ፍሬ የሚያይበት ነው። ሩዙን በርካሽ የሚሸጠውም በዚሁ ወቅት ነው። የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጆች የትምህርት ወጪ፣ የሠርግና የተዝካር ድግስ ይህንኑ ምርት ይጠብቃሉ። ሩዙ በተነሣበት ማሳ ላይ ሽንኩርት ለመትከልም የዘርና የውኃ መሳቢያ ሞተር ነዳጅ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋ ይወርዳል። ክረምት ሲቃረብ ዋጋው ከፍ ሲል ትርፉን የሚወስደው መጋዘንና ጥሬ ገንዘብ ያለው ነው።

ይህ የገንዘብ ጥማት ባለበት ቦታ ሁሉ አቋራጭ መንገድ አሳያችኋለሁ ባይ አይጠፋም። ዛሬ ጥሪው የሚመጣው በስልክ ነው። “ጥቂት ብር አስገባ፣ በሳምንት እጥፍ ትወስዳለህ፤ ሰው ካመጣህ ደግሞ ኮሚሽን አለህ” ይላል። የብዙዎቹ መሸፈኛ ስም ክሪፕቶከረንሲ ወይም ዲጂታል ገንዘብ ነው።

ክሪፕቶከረንሲ የትኛውም መንግሥት ያላተመው፣ በኮምፒውተር መረብ ላይ ብቻ እየተመዘገበ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ሀብት ነው። በይበልጥ የሚታወቀው ቢትኮይን በዓለም ገበያ በሕጋዊ መንገድ ጭምር ይሸጣል፤ ይገዛል። ዋጋው ግን ከወንዝ ሙላት ይብስ የሚዋዥቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አንዱ ቢትኮይን 69 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ወደ 16 ሺህ ዶላር ወረደ፤ በኋላም ተመልሶ ወጣ። ይህን መቋቋም የሚችለው ቢከስርም ጾሙን የማያድር ባለሀብት እንጂ የዓመት ቀለቡን ከአንድ ምርት የሚያገኝ ቤተሰብ አይደለም።

በዚህ ላይ ስሙን ብቻ የሚዋሱ አሉ። ዋንኮይን የተባለው በዓለም ዙሪያ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበው ድርጅት ከጀርባው እውነተኛ ዲጂታል ገንዘብ አልነበረውም። አዲስ የሚገባው ሰው ብር ቀድሞ ለገባው የሚከፈልበት ሰንሰለት ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 የ20 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ የመገበያያ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወድቅ የደንበኞቹን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ማዋሉ ታውቆ፣ መሥራቹ የ25 ዓመት እስራት ተቀጥቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የሕግ አቋሙ ግልጽ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ባወጣው መግለጫ የሀገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶከረንሲ መገበያየትም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ነገሩን ያደናገረው ከዚያ በኋላ የተሰማው ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የመረጃ መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ አካላት እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ቢትኮይን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች በውጭ ምንዛሪ ኃይል መሸጥ ጀመረ። አታላዩ ይህን ይዞ “መንግሥት ራሱ ፈቅዶታል” ይላል።

ልዩነቱን ማስረዳት የቀበሌና የወረዳ አመራሩ ሥራ ነው። ለኩባንያዎቹ የተሸጠው መብራት ነው። ኮምፒውተሮቻቸው እዚህ ይሠራሉ፤ የሚያመርቱትን ገበያ የሚያወጡት ውጭ ነው፤ ለሀገሪቱ የሚደርሰው የመብራቱ ክፍያ ነው። ይህ ሽያጭ ለግለሰብ በዲጂታል ገንዘብ የመገበያየት ፈቃድ አይሰጥም። መብራት ለማን ይቅደም የሚለው ክርክርም ተገቢ ነው፤ የወረታ ሩዝ መፈልፈያም፣ የመስኖ ሞተርም ተመሳሳይ ኃይል ይፈልጋሉና።

ሌላው ሊነገር የሚገባው የዋስትና ጉዳይ ነው። ፈቃድ ባለው ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ባንኩ ቢወድቅ እንኳ፣ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አማካይነት ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ ዋስትና አለው። በስልክ ለማይታወቅ ሰው የተላከ ብር ግን ዋስ የለውም። ሰኔና ሰኞ ገጥሞ ሰውዬው ስልኩን ቢያጠፋ ደብዳቤ የሚጻፍለት ቢሮ አይገኝም።

በዓለም ደረጃ ክርክሩ መከልከል ይሻላል ወይስ ፈቃድ ሰጥቶ መቆጣጠር በሚለው ላይ ነው። የናይጄሪያ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባንኮች ከዘርፉ እንዲርቁ አዘዘ፤ ግብይቱ ከባንክ ወጥቶ በሰው በሰው ቀጠለና በ2023 መጨረሻ ትእዛዙን አላላ። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2025 የፈቃድ ሕግ አወጣች። ኢትዮጵያም አንድ ቀን ወደዚያ ትሄድ ይሆናል። ከዚህ ልምድ ለፎገራ የሚጠቅመው ትምህርት ግን አንድ ነው፦ ክልከላ ብቻውን ፍላጎትን አያጠፋም። ሕጋዊው በር ጠባብ ሲሆን ሰው በአጥር ይዘላል።

ሕጋዊው በር ደግሞ ጠብቦ ቆይቷል። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ ጣለ። ጣሪያው በ2017 ወደ 18 በመቶ፣ በ2018 መጀመሪያ ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ዓላማው ተገቢ ነበር፤ የዋጋ ንረት የገጠሩንም ኪስ ያራቁታል። ይሁን እንጂ ባንክ የሚያበድረው ሲያንስ የሚመርጠው ትልቁን፣ የሚታወቀውንና በከተማ ሕንፃ ያለውን ደንበኛ ነው። ጣሪያው ከፍ ሲል የተገኘው ተጨማሪ ብድር ወደ ገጠር ካልወረደ የፎገራ አርሶ አደር ለውጡን በዜና ብቻ ይሰማዋል። ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ቢከፍትም፣ እነርሱ ከቀበሌ ይልቅ ትልልቅ ከተሞችን እንደሚያስቀድሙ መገመት አያዳግትም። ገጠሩን የሚያውቁት፣ ከአብቁተ የተወለደው ፀደይ ባንክን የመሰሉ የሀገር ውስጥ ተቋማት ናቸው።

መፍትሔው አዲስ ሕግ መጠበቅ አይደለም፤ ሕጉ አለ። በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ከብት፣ የእርሻ መሣሪያና ምርት ለብድር ዋስትና መሆን ይችላሉ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996ም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ የገጠር መሬት የመጠቀም መብትን ማስያዝ ተፈቅዷል። እንበልና አንድ አርሶ አደር 20 ኩንታል ሩዝ አለው። በኅዳር 10ሩን ለዕዳ ከሚሸጥ ይልቅ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ያስቀምጣል፤ መጠኑና ጥራቱ ተመስክሮ በብሔራዊ ባንክ በሚመራው የዋስትና መዝገብ ይመዘገባል፤ ባንኩ ከዋጋው የተወሰነውን ያበድረዋል። ዋጋ ሲሻል ሸጦ ከነወለዱ ይከፍላል። መሬቱም በሬዎቹም አይነኩም።

ይህ በወረቀት ቀላል ቢመስልም መሬት ላይ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው መጋዘን ነው። እርጥበትና ነቀዝ ያጠቃው ሩዝ ለባንክም ለገበሬም ዋስትና አይሆንም፤ ስለዚህ ማኅበራትና ዩኒየኖች መጋዘናቸውን ማደስ፣ እርጥበት የሚለካ ባለሙያ መመደብ አለባቸው። ሁለተኛው የባንክ ባለሙያ ነው። ሕንፃ መገመት ብቻ የሚያውቅ የብድር ባለሙያ ሩዝና የፎገራ ላም መገመት ካልተማረ ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛው የክፍያ ቀን ነው። የማዳበሪያ ዕዳም ሆነ ሌላ ብድር አጨዳ ላይ እንዲከፈል ሲደረግ አርሶ አደሩ ዋጋ በወረደበት ቀን እንዲሸጥ መገደድ ነው። ቀኑ ሁለትና ሦስት ወር ቢገፋ ለአበዳሪው ወለድ ይቀጥላል፤ ለተበዳሪው የተሻለ ዋጋ ይገኛል።

ከአርሶ አደሩም የሚጠበቅ አለ። ብድር እርዳታ አይደለም። ለእርሻ የተወሰደ ብድር ለድግስ ሲውል በሩ የሚዘጋው ለተበዳሪው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ለሚጠይቀው ጎረቤትም ጭምር ነው።

የወረዳው አመራር በዚህ ምርት ዘመን ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ቢይዝ ተገቢ ነው። አንደኛው በቀበሌ ስብሰባ፣ በእድርና በገበያ ቀን ማስተማር ነው፦ የሞባይል ገንዘብ የሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ያለ ድካም እጥፍ የሚሰጥ ገንዘብ የለም፤ የተጠረጠረም ወዲያው ለፖሊስ ይነገራል። ሁለተኛው የባንክ ኃላፊዎችንና የማኅበራት አመራሮችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ፣ ቢያንስ በአንድ መጋዘን፣ በሩዝ ዋስትና ብድር መስጠት መጀመር ነው። አርሶ አደሩ በጎተራው ባለው ምርት መበደር ከቻለ የስልኩን ጥሪ የሚሰማበት ምክንያት ይቀንሳል። ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ዝም ማለት ግን ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ መሆን ነው።