የማን ጆሮ ይፍረድ?

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነስቶ እሱ ቀደመ።

የክርክሩ መነሻ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ናት። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ ክረምቱን ሙሉ የኪስ ገንዘቡን እያጠራቀመ፣ ከመርካቶ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እየገዛ፣ በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ የጊታር ፔዳል ሠራ። ፔዳል በጊታሩና በድምፅ ማጉያው መካከል የሚገባ፣ በእግር የሚረገጥ ሳጥን ነው፤ የጊታሩን ድምፅ ይለውጣል። በልጅነታችን በሸክላ እንሰማው የነበረው «ዋህ ዋህ» የሚል ጊታር የአንዱ ዓይነት ፔዳል ሥራ ነው። የእኛ ልጅ የሠራው ግን ድምፁን የሚያሻክረውን ዓይነት ነው። ሲበይድ መስኮት አስከፍተው፣ ሲጨርስም በሳሙና አስታጥበው ነበር። ብዙው የመበየጃ ሽቦ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ጭሱም አስም ላለበት ሰው ክፉ ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ልብ በሉ።

ፔዳሉ ሥራ ሲጀምር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ልጄ «እማዬ፣ ጆሮዬን በመርፌ እየወጋኝ ነው» ትላለች። የዘጠኝ ዓመቷ እህቱ ገና ሲረግጠው ጆሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትሮጣለች። አባታቸው ቆርቆሮዋን ቆሻሻ ውስጥ ሊጥላት ምንም አልቀረውም። እኔ ብቻ ከልጁ ጎን ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ ሻካራ ድምፅ ሰማሁ እንጂ የሚወጋ ነገር አልሰማሁም። «መንገድ ላይ ከሚውል ቤቱ ይጫወት፤ እናንተ ነገር ታጋንናላችሁ» ብዬ ፈረድኩ። ትንሿንም «አንቺ ደግሞ ማስመሰል ትወጃለሽ» አልኳት። እሷ ላይ ቀድሞም ቅሬታ ነበረኝ፤ ስታወራ ቃላቱን አፏ ውስጥ ታስቀራለች፣ «አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ» እያልኩ እቆጣታለሁ።

ክርክሩ እንዲበርድ ልጁን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰውዬው ቆርቆሮዋን ከፍቶ አየና ሥራው ንጹሕ ነው አለ። የድምፁ ችግር ግን ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ከፔዳሉ ጠባይ የመጣ ነው፤ የጊታሩን የድምፅ ሞገድ አናቱን ይቆርጠዋል፣ ከቆረጠው ጠርዝም ክሩ ላይ ጎልተው ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ሁለተኛው የኛው ጥፋት ነው። ልጁ የጊታር አምፕሊፋየር ስለሌለው ፔዳሉን ከቤታችን ቴፕ ጋር አገናኝቶታል። የጊታር ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሰፊ ስፒከር ብቻ ስላለው ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። የቤት ቴፕ ግን ለቀጭን ድምፅ ብቻ የተሠራች ትንሽ ስፒከር ስላለችው አንዱንም ሳያስቀር ይረጨዋል።

መድኃኒቱ ሁለት ጥቃቅን ዕቃ ነው፤ በፔዳሉ መውጫ ላይ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ የሚወርድ ካፓሲተር። እኔ እንደ ወንፊት ነው የገባኝ። የላመው ወደ ታች ይወርዳል፣ ወፍራሙ ላይ ይቀራል። ልዩነቱ እዚህ የምንፈልገው ላይ የቀረውን መሆኑ ነው። የካፓሲተሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ወንፊቱ የሚጥለው ይበዛል። መጀመሪያ 10 ናኖፋራድ አስገባና መቁረጫው ወደ 1,600 ኸርዝ ወረደ፤ ጊታሩ ብርድ ልብስ የተከናነበ መሰለ። ቀጥሎ 2.2 ናኖፋራድ ሞከረ፤ መቁረጫው ወደ 7,200 ወጣ።

«አሁንስ፣ ሲስተር?» አለኝ።

«ካፓሲተር ካልነበረው ጋር አንድ ነው» አልኩት።

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ለስልሷል እኮ!»

ጠጋኙ ምንም ሳይል ከመደርደሪያው ድምፅ የሚያመነጭ መሣሪያ አወረደና በ1,000 ኸርዝ ጀመረ። እሱን ሁላችንም ሰማን። 8,000 ላይ ሲደርስ «አጠፋኸው?» አልኩት። አላጠፋውም ነበር። ልጁ ፊቱን አጨማዶ እየሰማው ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ስንት ዓመት አረጋውያንን «ጆሮዎን ይመርመሩ» ስል የኖርኩት ነርስ ነኝ። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ መሆኑን አስተምር ነበር፤ ለራሴ አልተነገረኝም። በሳምንቱ ተመረመርኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር በወፍራሞቹ ድምፆች ቀጥ ብሎ ይሄድና በቀጫጭኖቹ ላይ ቁልቁለት ይወርዳል፤ በሁለቱም ጆሮ። ብዙዎቻችሁ «ድምፁን እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን አይያዘኝም» የምትሉት ከዚህ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የሚሉት ድምፆች የተሠሩት ከቀጭኑ ስለሆነ ቀድመው ይጠፋሉ። የልጆች ድምፅ ራሱ ቀጭን ነውና የበለጠ ያስቸግራል። ትንሿ ቃል አፏ ውስጥ አላስቀረችም ማለት ነው።

ከክሊኒክ ስንመለስ ልጁ ደግሞ የራሱን ተናገረ። ማታ ሲለማመድ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድምፁ እየደበዘዘ ይመጣበታል፤ ስለዚህ ቀጭኑን ይጨምራል። ሲተኛ ጆሮው ይጮህበታል። ይህን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ጆሮ ሲደክም ይደነዝዛል፣ የጮኸውም በዝቶበት ነው። ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ደግሞ መልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚያዳምጥ አዋቂ 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች 75 ዴሲቤል ነው የሚፈቅደው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። መለኪያ ለሌለን ሰዎች፣ ክንድ ርቀት ላይ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገን በዝቷል።

አሁን ፔዳሉ የሚስተካከለው ጠዋት፣ ጆሮ ባረፈበት ሰዓት ነው። ልምምዱም በየሃያ ደቂቃው ይቋረጣል። ዳኛዋ ትንሿ ናት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ስታናግረኝም ፊቴ መጥታ ትቆማለች። ሦስት ካፓሲተር በየተራ አሰምቷት 4.7 ናኖፋራዱን መረጠች፤ ወደ 3,400 ኸርዝ ላይ የሚቆርጠውን። ጊታሩ ሻካራነቱ አልጠፋም፣ እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

አባታቸው አሁንም ዘፈኑን አልወደደውም። ለእሱ የሚሆን ካፓሲተር እንደሌለ ጠጋኙ ነግሮናል።