በውሻው ከመሣቃችን በፊት

ባለፈው ሰሞን በነፋስ ስልክ፥ ሳሪስ አካባቢ ካለ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለን፥ አንድ ወጣት በስልኩ ላይ ያለ ሥዕል ለጓደኞቹ አሳየ። ሥዕሉ መሪ ጨብጦ አውቶሞቢል የሚነዳ ውሻ ነበር። ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። አንድ ሽማግሌ «ምን አገባት ውሻ ከእርሻ» ሲሉ ተረቱ፤ እኛም ከሣቂዎቹ መካከል እንደ ነበርን አንሸሽግም። ነገር ግን ሒሳባችንን ከፍለን ወደ አስፋልቱ በወጣን ጊዜ፥ ደብተራቸውን ያቀፉ ሕፃናት በዜብራው ጫፍ ቆመው የሚያሳልፋቸው ሲጠባበቁ፥ ሾፌሮቹም ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፏቸው አየንና ሣቃችን በአፋችን ላይ ደረቀ።

ለመሆኑ የሚያስቀው ውሻው ነውን? ነገሩ ተረት አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በኒውዚላንድ አገር፥ በኦክላንድ ከተማ፥ በእንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ የሚከላከለው ማኅበር፥ ሞንቲ፥ ፖርተርና ጂኒ የተባሉ ሦስት አሳዳጊ ያጡ ውሾች መኪና መንዳት እንዲማሩ አደረገ። ዓላማውም፥ የተጣለ ውሻ አእምሮ ያለው ፍጥረት መሆኑን አይቶ ሕዝቡ ወደ ቤቱ እንዲወስደው ነበር። ማርክ ቬት የተባለው አሠልጣኝ ሁለት ወር ያህል ደከመባቸው። መሪ መያዝን፥ ማርሽ ማስገባትን፥ ነዳጅ መስጠትንና ፍሬን መያዝን አንድ በአንድ በማስመሰያ ላይ አስተማራቸው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለእግራቸው እንዲመች ተደርጎ በተስተካከለ እውነተኛ መኪና ላይ አስቀመጣቸው። የነዱትም በተዘጋ ሜዳ ላይ፥ ሰው በቅርብ እየጠበቃቸው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ውሻው ሳይማር መሪ አልጨበጠም፤ ፍሬን መያዝ ሳያውቅ ነዳጅ አልሰጠም፤ ከሁሉም በላይ፥ ሕዝብ ወደሚመላለስበት ጎዳና እንዲወጣ ማንም አልፈቀደለትም። ያሠለጠኑት ሰዎች መኪናን ማንቀሳቀስና መኪናን መንዳት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ማንቀሳቀስ የእጅና የእግር ሥራ ነው፤ ውሻም ይማረዋል። መንዳት ግን የኅሊና ሥራ ነው፤ ይኸውም የሌላውን ሰው ነፍስ እንደ ራስ ነፍስ መቍጠር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ትምህርቱን በወረቀት ላይ ብቻ የጨረሰ፥ ፈተናውን በገንዘብ ያለፈ፥ ወይም በአባቱ መኪና ሌሊት ሌሊት የተለማመደ ሁሉ ያለ አንዳች ኀፍረት ወደ ጎዳናው ይወጣል። የሕጋችን ስም እንኳ ይህን ይወቅሳል። አዋጅ ቍጥር 1074/2010 የአሽከርካሪ «ብቃት ማረጋገጫ» ፈቃድ ሲል ሰይሞታል። ብቃት በሌለበት ምን ይረጋገጣል?

«ሰውን ከውሻ ጋር ማወዳደር ስድብ ነው» የሚሉን አይጠፉም። እኛ ግን ሰውን አላዋረድንም። ሰውን ያዋረደው፥ ማመዛዘን እየቻለ የማያመዛዝነው ራሱ ነው። ውሻ ሕግን አያውቅምና ቢሳሳት አይወቀስም፤ ዜብራውን እያየ የሚጥስ ሰው ግን በምን ያመካኛል? «መንገዱ ጠባብ ነው፤ እግረኛውም አያስተውልም» የሚለውም ክርክር በከፊል እውነት ነው። ሆኖም መንገዱ ሲጠብ ፍጥነትን መቀነስ፥ እግረኛው ሲዘነጋ መንቃት የሾፌሩ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም ብረቱን የያዘው እርሱ ነው።

ይህ የጨዋታ ጕዳይ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፥ በዓለም ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ 1,190,000 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፥ ባለ ብስክሌቶችና ባለ ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። በአዲስ አበባም ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ማለት መኪና የሌላቸው በመኪና ይሞታሉ።

ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ካስገባና ዳግማዊ ምኒልክ ከተሳፈሩበት እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ነፋስ ስልክም ስሙን ያገኘው ሽቦ ከሌለው ስልክ ነው። አዲስ መሣሪያ ለመቀበል የዘገየን ሕዝብ አይደለንም፤ የዘገየነው መሣሪያው የሚጠይቀውን ሥርዐት ለመቀበል ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ፈታኙ ከአሠልጣኙ ጥቅም ፈጽሞ የራቀ ይሁን። ፈተናው በምልክት መካከል መዞር ብቻ ሳይሆን፥ ሰው በሚሻገርበት ጎዳና ላይ ይሁን። ፈቃዱን በጉቦ የሰጠው ሹም፥ ፈቃዱን ገዝቶ ሰው ከገደለው ሾፌር ጋር አብሮ ይጠየቅ። መምህራንም የመንገድን ሥርዐት እንደ ግብረ ገብ ያስተምሩ። አባቶች ሆይ፥ የመኪናን ቍልፍ ለልጅ ማስረከብ ፍቅር አይደለም።

ይህን የፈጸምን ዕለት፥ መሪ በጨበጠው ውሻ ልባችን እስኪጠፋ እንሥቃለን። እስከዚያው ግን ሣቁን ገታ አድርገን፥ በሳሪስ ዜብራ ጫፍ ለቆሙት ሕፃናት ፍሬን እንያዝላቸው።