«ጌም ቤት ይውላል»

በአገራችን አንድን ተማሪ ለመውቀስ «ጌም ቤት ይውላል» ማለት ብቻ በቂ ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ አይጠየቅም። ወላጅ ይህን ሲሰማ ቀበቶ ይፈታል፣ መምህርም ራሱን ይነቀንቃል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለተወቃሹ ልጅ ጥብቅና ልንቆምለት ወደናል። ይሁን እንጂ ጥብቅናችን «ጨዋታ» የሚለውን ስም ለተሸከመ ቤት ሁሉ እንዳልሆነ አንባብያን ከወዲሁ ልብ እንዲሉልን እንሻለን።

መርካቶ ለልጅ ጨዋታ ታስቦ የተሠራ ሰፈር አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደርጎ ይህን የጣሊያንኛ ስም ከያዘ ወዲህ፣ እያንዳንዱ ክንድ መሬት ለሻጭና ለገዢ፣ ለሸክምና ለጭነት መኪና የተሰጠ ነው። ልጆች የሚጫወቱት በተረፈው ላይ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ ከተማ ያደግን ሰዎች የክረምቱን ዕረፍት የምናስታውሰው በዚሁ በተረፈ ቦታ ነው። የሰኔ ፈተና ካለቀ እስከ መስከረም ድረስ ከፊላችን በወላጆቻችን ሱቅ እንላላክ ነበር፤ ከፊላችን ፌስታል እንሸጥ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ግን ሻጩም ተላላኪውም ጆተኒ ቤት ይገናኛሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ አንዲት ስሙኒ ብቻ ያለችው ልጅ ቀኑን ሙሉ ለመጫወት የነበረው መንገድ አለመሸነፍ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ዘንጉን በስንት ማዕዘን እንደሚያዞር፣ ኳሷ ከግድግዳው ነጥራ የት እንደምትደርስ የሚያጠናበትን ትኩረት ዛሬ በክፍላችን ብናገኘው ምንኛ በታደልን ነበር። በኋላም በመጋረጃ የተከለለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት መጫወቻ ይዛ መጣችና «ጌም» የሚባለው ነገር ሰፈራችን ገባ። መብራት ሲጠፋ ሒሳብ አይመለስም።

አሁን ግን ከሁሉም ርካሽ የሆነውን የብይን ነገር እናንሳ። ሁለት እኩል የመስታወት ብዮች፣ አንዱ ቆሞ ሌላው እየተንከባለለ፣ ፊት ለፊት ቢጋጩ ምን ይሆናል? የመማሪያ መጽሐፉ መቺው ይቆማል፣ ተመቺውም በመቺው ፍጥነት ይሄዳል ይላል። በሲሚንቶ ወለል ላይ የተጫወተ ልጅ ግን መቺው ብይ ለቅጽበት ቆም ካለ በኋላ ቀስ ብሎ ተመቺውን እንደሚከተል በዓይኑ አይቷል። መጽሐፉም ልጁም ልክ ናቸው። ግጭቱ የሚያስተላልፈው የጉዞውን ሞመንተም እንጂ ሽክርክሪቱን አይደለም፤ መስታወት ልሙጥ በመሆኑ ሽክርክሪቱ ከሞላ ጎደል በመቺው ላይ ይቀራል፤ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃም ያንኑ ሽክርክሪት መልሶ ወደ ጉዞ ይለውጠዋል። ስሌቱ ሲሠራ መቺው ከመጀመሪያ ፍጥነቱ 2/7ኛውን ይዞ ይቀጥላል። ተመቺው በበኩሉ ሳይሽከረከር ስለሚነሣ፣ መንከባለል እስኪጀምር ድረስ ሰበቃው ፍጥነቱን ወደ 5/7ኛ ያወርድበታል።

ከአሮጌ ኩሽኔት የተፈለቀቀ የብረት ብይ ይዞ የሚመጣ ልጅም አይጠፋም ነበር። ብረት በእኩል መጠን ከመስታወት ሦስት ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ የብረቱ ብይ ሲመታ ግማሽ ያህል ፍጥነቱን እንደያዘ ያልፋል፤ የመስታወቱ ግን የመቺውን ፍጥነት አንድ ጊዜ ተኩል አድርጎ ይፈተለካል። በሰፈራችን የብረት ብይ ክልክል ነበር። ሞመንተም የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ የአሥር ዓመት ልጆች ይህን ክልከላ ያወጡት ከተደጋገመ ምልከታ ተነሥተው ነው። ፈረንሳዊው ኮርዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ቢልያርድ ጨዋታ ሒሳባዊ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ሲያሳትም ያደረገውም፣ ተጫዋቾች በእጃቸው የሚያውቁትን በቀመር መጻፍ ነበር።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ሙከራ ማለት መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈውና ተማሪው የሚገለብጠው ነገር ነው። መሣሪያ የለም ይባላል፤ እውነት ነው። ሆኖም ሁለት ብይ፣ አንድ ማስመሪያና እንቅስቃሴን አዘግይቶ የሚቀርጽ አንድ የእጅ ስልክ 2/7ን ለመለካት ይበቃሉ። ውጤቱ በትክክል 2/7 ላይሆን ይችላል፤ ለምን እንዳልሆነ መከራከሩ ደግሞ ከሙከራው ይበልጥ ያስተምራል። ውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ውድ መሣሪያዎች አይተናል፤ እንደዚህ ያለ ክርክር የሚያስነሣ ግን ጥቂቱን ነው።

የቴሌቪዥኑ ጨዋታም ቢሆን የመጣው ከፊዚክስ ሰዎች ቤት ነው። ዊልያም ሂጊንቦተም የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1958 በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የጎብኚዎች ቀን እንግዶች እንዳይሰለቹ ብሎ፣ አናሎግ ኮምፒውተርን ከኦስሎስኮፕ ጋር አገናኝቶ የቴኒስ ጨዋታ ሠራ። የኳሷ መንገድ በመሬት ስበት የሚታጠፍ ነበር። በተከታዩ ዓመት ስበቱን የጨረቃ ወይም የጁፒተር አድርጎ መጫወት እንዲቻል አሻሻለው። ጎብኚዎች ሌላውን ኤግዚቢሽን ትተው ለዚህ ተሰለፉ።

እንግዲህ ጥብቅና የማንቆምለት ቤት ወዳልነው እንምጣ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን የፈሉት የስፖርት ውርርድ ቤቶች፣ በአንድ ዘመን ጆተኒ ይዘውት የነበረውን የወጣት ጊዜና ሳንቲም ወሰዱ። ቤቱ ቢታሸግ እንኳ ስልኩ ከኪስ አይወጣም። «እናንተስ በብይ ትበላሉ አልነበረም?» የሚለን ይኖራል፤ በእርግጥ ተበልተናል። ነገር ግን በብይ የተበላ ልጅ በማግሥቱ ማነጣጠሩን አሻሽሎ ይመለሳል፤ የሚገጥመውም ከእሱ የተለየ ብልጫ የሌለው የጎረቤት ልጅ ነው። በትኬቱ ግን የልጁ ልምምድ ኳሷን አይነካትም፤ ተጋጣሚውም ዋጋውን አስቀድሞ ለራሱ አመቻችቶ የተመነ ድርጅት ነው።

ለስሌት ያህል፣ ዕድላቸው በትክክል እኩል የሆነ ሁለት ውጤቶች ብቻ ያሉት ውድድር እንውሰድ። ሚዛናዊ ዋጋ ቢሆን ለአንድ ብር 2 ብር መክፈል ነበረበት፤ አወራራጁ ግን 1.90 ይከፍላል እንበል። እያንዳንዱ ብር በአማካይ 95 ሳንቲም ሆኖ ይመለሳል ማለት ነው። አምስት ሳንቲም ምን ይጎዳል? ወጣቱ ግን አንድ ጨዋታ አይቆርጥም፤ አሥር ያያይዛል። አሥሩም የመሳካታቸው ይሆናልነት ከ1,024 አንድ ነው። የ100 ብሩ ትኬት ቢሳካ 61,310 ብር ገደማ ይከፍላል፤ ይህን ለ1,024 ብናካፍለው የትኬቱ አማካይ ዋጋ 60 ብር እንኳ አይሞላም። በአንዱ ጨዋታ 5 የነበረው የቤቱ ድርሻ በአሥሩ ከመቶ 40 ሆነ። ድርሻው 8 ሳንቲም፣ ማለትም ክፍያው 1.84 ቢሆን ከ100 ብሩ ስንት እንደሚቀር አንባቢ ራሱ ይሥራው፤ ካልኩሌተሩ ትኬቱ በሚቆረጥበት በዚያው ስልክ ላይ ይገኛል።